በአንድ ዐይን የተሣለው ሰው

ትህትና ታዘበውን መጀመሪያ ያየችው ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች እሱ በሣለው ሥዕል ሲቧቀሱ ነው። ቢቸና መናኸሪያ በር ላይ የጠቡ መነሻ አንዲት ፎቶ ኮፒ ወረቀት ነበረች። በወረቀቷ ላይ ካባ የለበሰ ጎልማሳ ከሰማይ ወርዶ የከብት ሌባ መንጋጋ ይሰብራል። «እኔ ልቅደም»፣ «እኔ» ሲባባሉ ወረቀቷ ተቀደደች፤ የአንደኛውም ከንፈር አብሮ ተቀደደ። ሠዓሊው ቀለም በጠጣ ሱሪው ቆሞ ፈገግ ይላል።

«ደስ አለህ?» አለችው።

«ተወደደልኝ ማለት ነው፣ መምህርት።»

«ጀግናህ ከጡጫ በቀር ሌላ ቋንቋ የለውም?»

«አንድ ጊዜ ሲመክር ሣልሁት። የገዛው ሰው የለም።»

ሳታስበው ሳቀች።

ታዘበው የሞጣ ልጅ ነው። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥሉ ኖረው አረፉ። እሱ ግን ቢቸና መጥቶ ማስታወቂያና የባጃጅ ጀርባ ይሥላል፤ በየገበያው ቀን ደግሞ የ«ባለካባውን» ታሪክ አባዝቶ ያወጣል። ከተማው በባለካባው አብዷል። ልጆች ነጠላ አንገታቸው ላይ አስረው ከአጥር ይዘላሉ። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ «በለው!» ይላሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ቅጂ የትህትና ሆነ። እሷም እንደ ፈተና ወረቀት ታርምለታለች።

«ሌባውም እናት አለው፣ ታዘበው።»

«ለአንቺ ስል እናቱን እሥላታለሁ።»

እንዲህ እንዲህ እያሉ ተዋደዱ። እንቅፋታቸው አንድ ነበር፤ ወንድሟ ምንይሉ። እናት አባታቸው ካለፉ ወዲህ በሬ እየነገደ ያሳደጋት፣ ያስተማራት እሱ ነው። ያለ እሱ ፈቃድ አታገባም። እሱም «ሰው በሰማይ የሚያበር ሰውዬ፣ ቤት በምድር ያቆማል?» እያለ ይቀልዳል።

«ጋሼን ሣልልኝ፤ ራሱን ካየ ልቡ ይራራል» አለችው።

ታዘበው በፍቅር ሣለው። በሥዕሉ ምንይሉ በከብት ገበያ መካከል ቆሞ፣ በላዩ የሚበርረውን ባለካባ ቀና ብሎ ያያል። ፊቱ ግን ወደ ጎን የዞረ ነው። የታየው አንድ ዐይኑ ብቻ ነው።

በዚያ ወር በአካባቢው በሬ እየተሰረቀ ሰው ሁሉ ተማርሮ ነበር። የቢቸና ሰው ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥር ያደገ ነው። ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይን ይሣላል። ኃጥእ ወደ ጎን፣ በአንድ ዐይን። ታዘበው ከባዕድ አገር የጀግና ሥዕሎች ፊትን በየትኛውም ጎን መሣል ሲማር፣ የአባቱን ሕግ ዘንግቶት ነበር። ገበያው አልዘነጋውም።

«አንድ ዐይን ነው የሰጠው። ሠዓሊው ሌባውን ያውቀዋል!» አለ አንዱ በገበያ ቀን ወረቀቱን ገልጦ።

የመጀመሪያው ዱላ እዚያው በሬ ሲሸጥ በነበረው በምንይሉ ትከሻ ላይ አረፈ። ሁለተኛው ግራ ዐይኑ ላይ። ምንይሉ እበት ላይ ወደቀ፤ ደሙ ከእበቱ ተቀላቀለ። ጋቢውን እንደ ካባ አንገቱ ላይ ያሰረ ጎረምሳ የጎድን አጥንቱን በጫማው ረገጠ። «ባለካባውን የሚወድ አንድ ይጨምርለት!» ተባለ። ብዙዎች ጨመሩ።

ትህትና ስትደርስ ታዘበው በወንድሟ ላይ ተጋድሟል።

«ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ሰውየው ንጹሕ ነው» ይላል። ማንም አልሰማውም። የቀኝ እጁ አጥንት ሲሰበር ግን ትህትና ሰማች። ፖሊስ ወደ ሰማይ ተኩሶ ነው የተበተኑት።

ሁለቱንም ሞጣ ሆስፒታል ወሰዷቸው። የምንይሉ ግራ ዐይን አልተረፈም። በሳምንቱ እውነተኛው ሌባ ደጀን ላይ ተያዘ፤ ማንም ያልሣለው ሰው ነበር።

«ወንድሜን አንተ አስመታኸው» አለችው በአልጋው አጠገብ።

«አዎ።»

«አትከራከረኝም?»

«ምን ብዬ፣ ትህትና?»

ፊቷን አዙራ ወጣች።

በሦስተኛው ወር፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በራቸው ላይ ድንጋይ በጫንቃው የተሸከመ ሰው ተንበረከከ። ከመቱት መካከል ለይቅርታ አንድም አልመጣም። የመጣው አብሮ የተመታው ነው። ድንጋዩን በግራ እጁ ብቻ ደግፎታል፤ ቀኙ እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሏል።

ምንይሉ በቀረችው ዐይኑ ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ድንጋዩን በገዛ እጁ አወረደለት።

«ያ የሚበርረው ሰውዬህ ያን ዕለት የት ነበር?» አለው።

«አልመጣም፣ ጋሼ።»

«አንተ መጣህ።» የተንጠለጠለውን ቀኙን አየ። «ግራህ ይሥላል?»

«እየለመደ ነው።»

«እንግዲያው ገበያውን እንደገና ሣለው። እኔንም ፊት ለፊት።»

ታዘበው አንገቱን ደፋ። «በስንት ዐይን?»

«በሁለት። አንደኛውን ማን እንደወሰደው እነሱ ያውቁታል።»

ትህትና ከበሩ መቃን ሳትላቀቅ ተናገረች። ለሦስት ወር ያልጠራችውን ስም ጠራች።

«ታዘበው... የመቱትንስ?»

«እነሱን ወደ ጎን...»

«አይሆንም። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ዐይን ስጣቸው። ያደረጉትን ይዩበት።»

ወረቀቱ በገበያ ቀን ወጣ። ባለካባው አልነበረበትም። «በለው» ያለ አልነበረም። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በተሣለው ሕዝብ መካከል የራሱን ፊት ሲፈልግ ዋለ። ማታ ሦስት ሰዎች ድንጋይ ተሸክመው ወደ ምንይሉ ቤት መጡ።

ትህትናና ታዘበው በጥር ተጋቡ። ምንይሉ በምስክርነት ከፈረመ በኋላ ብዕሩን ለሙሽራው አቀበለው። ታዘበው በግራው ሲፈርም የመጀመሪያው ፊደል ጠመመበት። ትህትና የገዛ እጇን ከእጁ ሥር አስገብታ ደገፈችው።