የስመኘው ማኒፎልድ

ስመኘው ሀይሉ በገዛ መኪናው ጭስ ታፍኖ የሞተው በማርያም ዕለት ምሽት፣ ማንኩሳ፣ አባቱ ግቢ ጥግ ባለችው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። በሩን ገንጥሎ የገባው ታናሽ ወንድሙ ቴዎፍሎስ ነበር። ሞተሩ ገና እየሠራ ነው፤ ስመኘው ከመኪናው ፊት በግንባሩ ተደፍቷል። ቴዎፍሎስ ሞተሩን አጥፍቶ ወንድሙን እየጎተተ ሲያወጣ የመጣለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያው ሳምንት ከራሱ አፍ የወጣው ቃል።

«ብትሞትም ጋራዤን አልከፍትልህም» ነበር ያለው።

ምን ያደርጋል፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ። ቃሉን የስመኘው ሚስት ሜላት ሰምታዋለች፤ ለለቀስተኛውም አልደበቀችውም። ከቀብር መልስ መንደሩ ቴዎፍሎስን በጎሪጥ ያየው ጀመር። አባቱ መሪጌታ ሀይሉ ብቻ በአንድ እጃቸው ከዘራቸውን፣ በሌላው የእሱን ክንድ ይዘው ከመቃብሩ እስከ ድንኳኑ መጡ። አንዱን ልጅ ለአፈር ሰጥተው ሌላውን ለወህኒ ሊሰጡ ነው እኮ፣ ምስኪን አባት።

ከፍኖተ ሰላም የመጣችው መርማሪ ኢንስፔክተር እንቁ ትባላለች። አጭር ሴት ናት፤ የምትናገረው ጥቂት ነው፣ ዝምታዋ ግን ሰውን ያስለፈልፋል። ቴዎፍሎስን መጋዘኑ ደጃፍ ላይ አስቀመጠችው።

«ወንድምህ ምን እየሠራ ነበር?»

«ማኒፎልዱን እያሰፋ። ሞተሩ አየር የሚስብበት፣ አራት ጣት ያለው የአልሙኒየም ቧንቧ ነው። ፈትተው ያወጡትና ውስጡን በድሪል ድንጋይ ይፍቁታል። ሲሰፋ ሞተሩ እንደ ልቡ ይተነፍሳል። ሰው ጭኖ የቡሬን መንገድ ሳያቃስት እንዲወጣለት ብሎ ነው።»

«ታዲያ ጋራዥህን ለምን ከለከልከው?»

ቴዎፍሎስ መሬት መሬቱን አየ። «መኪናው ሌላ ቀን ሥራ ላይ ነው። ያገኘው ቀን ማርያም ሆነ። በማርያም ዕለት ብረት ባስፍቅ አገሩ ምን ይለኛል ብዬ ነው። የፍኖተ ሰላሙ ጋራዤ እኮ በሁለት በኩል ክፍት ነው፤ እዚያ ቢሠራ ጭስ አይገድለውም ነበር። የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ይጻፉት።»

«እኔ የምጽፈው የሆነውን ነው። ከሰዓት በመጋዘኑ ጀርባ ታይተሃል።»

«አባቴ ቤት ለማርያም ማኅበር መጥቼ፣ ላናግረው ሄድኩ። ድሪሉ ሲያፏጭ ስሰማ አፈርኩ። ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ባንኳኳ ምን ነበረበት?»

እንቁ ወደ መጋዘኑ ጀርባ ወሰደችው። ከፍ ብላ አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። «እስቲ እጅህን ዘርጋ» አለችው። ሎጋ ነውና ሳይንጠራራ ደረሰባት። እሷም ሞከረች፤ አልደረሰችም። ለምን እንደሆነ አልነገረችውም።

ሜላትን ድንኳኑ ውስጥ አገኘቻት።

«በሩን ከውስጥ የቀረቀረው ራሱ ነው» አለች ሜላት። «ቤት ውስጥ ማኅበርተኛ ተቀምጧል፤ ድምፁ እንዳይወጣ ብሎ። ‹መስኮቱ ክፍት ነው፣ አታስቢ› ብሎኝ ነበር። እንግዳው ተበትኖ ከመሸ በኋላ ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁ። ለእራት ብጠራው መልስ የለም። የዚያን ጊዜ ነው አባቱ ቤት ቀርቶ የነበረውን ቴዎፍሎስን ጮሄ የጠራሁት።»

እንቁ ስትወጣ መሪጌታን ከደጅ አገኘቻቸው። «አባቴ፣ እግሬ ዝሏል፤ ከዘራዎን ለአፍታ ቢያውሱኝ» አለቻቸው። ሰጧት። እሷም ተደግፋ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረችና ጫፉን አየት አድርጋ መለሰችላቸው።

በሣልስቱ፣ ሰው ሲሳሳ፣ ሦስቱን ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበች። በመጣችበት ቀን አንስታ ለማንም ሳታሳይ ያቆየችውን ጥቁር የከሰል ጆንያ ከቦርሳዋ አወጣች።

«ይህ መስኮቱ ላይ ከውጭ ተወትፎ ነበር።»

«ሆን ብሎ የገደለው አለ ማለት ነው» አለች ሜላት ቴዎፍሎስን እያየች። ቴዎፍሎስ አልተከላከለም። ልቡ ከማንም በፊት ፈርዶበታል።

«ተረጋጊ፣ እህቴ። ይህን የሚያብረቀርቅ ብናኝ እዩት። ወደ ውስጥ በዞረው በኩል ብቻ ነው ያለው። የአልሙኒየም ብናኝ ነው፤ የሚበነው ደግሞ ማኒፎልዱ ሲፋቅ ነው። ስለዚህ ጆንያው የተወተፈው ስመኘው ገና እየፋቀ ሳለ ነው። ቴዎፍሎስ፣ ማኒፎልዱ ወልቆ ሞተር ይነሳል?»

«አይነሳም።»

«ስለዚህ በዚያ ሰዓት መጋዘኑ ውስጥ ጭስ የሚባል ነገር አልነበረም። በጭስ ሊገድል የፈለገ ሰው ሞተሩ እስኪነሳ ይጠብቃል፤ የሚወትፈው ያን ጊዜ ነው። ይህ ሰው የደፈነው ድምፁን ነው። ስመኘውም አላየውም። በአምፖል ነበር የሚሠራው፣ ጀርባውንም ለመስኮቱ ሰጥቷል፤ ሲመሽ ደግሞ ክፍት መስኮትም፣ ጥቁር ጆንያ የተወተፈበትም አንድ ዓይነት ጨለማ ነው። በገዛ እጁ እንደከፈተው ያውቃል፤ ፍቆ ሲጨርስ ማኒፎልዱን መልሶ ገጠመና፣ ክፍት ነው ብሎ ሞተሩን አስነሳ።»

«ጆንያው መሐል ላይ ክብ ቀዳዳ አለ» ብላ ቀጠለች። «በእንጨት ጫፍ ተገፍቶ ነው የገባው። ቴዎፍሎስ ቢሆን እጁ ይበቃው ነበር። የወተፈው እጁ ከመስኮቱ የማይደርስ ሰው ነው። ጫፉ ብረት የለበሰ . . .»

«ይበቃል፣ ልጄ» አሉ መሪጌታ። ከዘራቸውን መሬት ላይ አጋደሙት። «እኔ ነኝ።»

ዓይናቸውን ከጆንያው ላይ ሳይነቅሉ ቀጠሉ።

«ጽዋው ተነስቶ፣ እኔ እያስተማርኩ፣ ያ ድሪል ይጮሃል። ‹የመሪጌታ ልጅ በእመቤታችን ዕለት ብረት ይፍቃል› እንዳይባል ብዬ ወጣ አልኩና ወተፍኩት። እንግዳው ሲሄድ ላወጣው ነበር፤ በሽኝቱ ረሳሁት። ይህን ጆንያ ዛሬ እስካየው ድረስ ትዝ አላለኝም። ሰው አንዴ ይታዘበኛል ብዬ፣ ልጄን . . .»

እንቁ ጆንያውን አጠፈችው። «ነገሩን ዐቃቤ ሕግ ያየዋል፣ አባቴ። እኔ ግን ግድያ ብዬ አልጽፍም።»

ሜላት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ቴዎፍሎስ ነጻ መውጣቱ እንኳ አልታወቀውም። እሱ ያፈረውን ነው አባቱም ያፈሩት፤ በዚያው እፍረት ስመኘውም በሩን ቀርቅሯል። ጎንበስ ብሎ ከዘራውን አነሳና አባቱን ደግፎ አስነሳቸው።

በሚቀጥለው ወር ማርያም፣ ቴዎፍሎስ የጋራዡን ሁለቱንም በሮች ወለል አድርጎ ከፈተ። መፍቻ ግን አልነካም። መሪጌታም ከማንኩሳ በሚኒባስ መጥተው በርጩማ ላይ አጠገቡ ተቀመጡ። አንድ አላፊ ሾፌር አንገቱን አስገብቶ፣ «በማርያምም መሥራት ጀመርክ እንዴ?» አለ።

መሪጌታ መለሱለት።

«አይሠራም። አየር እንዲገባበት ነው።»

ሾፌሩ አልገባውም፤ ቸር ዋሉ ብሎ ሄደ። አባትና ልጅ እስኪመሽ ድረስ በሩን ሳይዘጉ ተቀመጡ።