ከሚላን እስከ ፕራግ፣ ከአበልጄ ጋር

ሌዊ ያን ዕለት መኪናውን በወጉ አቁሞ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ግን ምን ይደረግ፣ ልጁን ክርስትና ሊያስነሳ የሚቸኩል ሰው መስመር አይታየውም። ከወይንሸት መኪና ኋላ አስጠግቶ አቆመና ሕፃኗን ታቅፎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጠ።

ወይንሸት ኪዳን አድርሳ ወደ ሥራዋ ልትሄድ ስትወጣ መኪናዋ መውጫ አጥቶ አገኘችው። የምትሠራው ሲያትል ከተማ፣ ሬኒየር ቫሊ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው፤ አለቃዋ ደግሞ ማርፈድ የሚባል ነገር አይወድም። ምን ብላ እንደምትቆጣው በልቧ እያሰናዳች ባለመኪናውን ፍለጋ ተመልሳ ገባች። አገኘችውም። ከማጥመቂያው አጠገብ፣ ከባለቤቱ ከጥሩነሽ ጋር ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል። ክርስትና እናት ትሆናለች የተባለችው ዘመዳቸው ከምትሠራበት ኤርፖርት የሚተካት ሰው ጠፍቶ ቀርታለች። የሚያጠምቁት አባ መልከጸዴቅም ቅዳሴ ሊገባ ነው እያሉ ነው።

«መኪናህ ዘግቶብኛል» አለችው ወይንሸት።

እሱ ግን ጥያቄ አመጣ። «እህቴ፣ የንስሐ አባት አለሽ?»

ነበራት። እንዲያውም የንስሐ አባቷ እኚሁ አባ መልከጸዴቅ ናቸው። «እሷማ የኔው ልጅ ናት፤ ሕፃኗን ትያዝ» አሉና ነገሩ አለቀ። ወይንሸት ልትቆጣ በገባችበት እግሯ ሃሌሉያ የምትባል ሕፃን ክርስትና አንስታ ወጣች። ሥራም አረፈደች።

አበልጅነት ደግሞ የዋዛ ነገር አይደለም። የሥጋ ዘመድ እንደማይጋባ ሁሉ አበልጅም አይጋባም፤ መንፈሳዊ ዝምድና ነውና። ያኔ ግን ይህ የማን ጉዳይ ነበር? ሌዊ ሚስቱን የሚወድ ባለትዳር፣ ወይንሸት ደግሞ ገና ቁጣዋ ያልበረደላት ሴት።

ሃሌሉያ አፏን በወጉ ሳትፈታ ጥሩነሽ ታመመች፤ ሕመሙም አልለቀቃትም። ወይንሸት ከሥራ እየወጣች በየቀኑ ሆስፒታል አስታመመቻት። ከቀብር በኋላም ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን እሷ ቀረች። ክርስትና እናት አይደለች? ልጅቷን ከትምህርት ቤት የምታመጣት፣ ፀጉሯን የምትሠራት፣ ትኩሳቷን የምትለካላት እሷው ሆነች። ሌዊ የሚሠራው ከኤርፖርት መሐል ከተማ የሚመላለሰውን የከተማውን ባቡር መንዳት ስለሆነ ፈረቃው መያዣ መጨበጫ የለውም።

ፍቅሩ መቼ ገባ ቢባሉ ሁለቱም አያውቁም። አንድ ክረምት ሌዊ «አበልጄ» ማለቱን ተወና «ወይንሸት» ማለት ጀመረ። እሷም ስሙን ሌላ ሰው ሲጠራው ስትሰማ ልቧ ይደነግጥ ጀመር። መኪናዋን ትታ ወደ ሥራ በባቡር መሄድ ጀመረች፤ ከኮሎምቢያ ሲቲ የምትሳፈረው በፊተኛው ፉርጎ ነው፤ ከሾፌሩ ክፍል ጀርባ ቆማ ትሄዳለች፤ ሌዊ ይንዳው ሌላ ሰው ይንዳው ሳታውቅ እንኳ። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለራሷም ቢሆን «መቆም ስለምወድ ነው» ትል ነበር።

የሚያሳዝነው ደግሞ ማንም አልጠረጠራቸውም። ሌላ ሴት ብትሆን ኖሮ ከቡሪየን እስከ ሬኒየር ቫሊ ያለው ሐበሻ ሁሉ በስልክ ይቀባበላት ነበር። እነሱን ግን አብረው ሲበሉ፣ አብረው ገበያ ሲወጡ ያየ ሁሉ ይመርቃቸዋል። አበልጅ ናቸዋ!

የባቡር ጉዞው ሐሳብ የመጣው ከሃሌሉያ ነው። አባቷን ባቡር ሲነዳ እንጂ ሲሳፈር አይታው አታውቅም፤ አንድ ጊዜ እንኳ አጠገቧ እንዲቀመጥላት ፈለገች። ሌዊ ጠየቀ፣ አነበበና የአውሮፓን የባቡር ፓስ አገኘ። ፓሱን የያዘ ሰው በአንድ ወር ውስጥ በመረጣቸው ጥቂት ቀናት ካገር አገር በፈለገው ባቡር ይሳፈራል። ልጅ ከአዋቂ ጋር ከሆነ ደግሞ በነፃ ነው። ወይንሸትም ትምጣ ተባለ፤ ያለ እሷ የልጅቷን ፀጉር ማን ሊሠራ ነው?

በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ኮሎምቢያ ሲቲ ያለው ቤተ መጻሕፍት ይገናኙ ጀመር። ሃሌሉያ ወደ ልጆቹ መጻሕፍት ስትሄድ ሁለቱ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ይዘረጋሉ። ሌዊ ስስታም ነው፤ ፓሱ እስከፈቀደ ድረስ አገር ሁሉ ካልታየ ይላል። ወይንሸት ደግሞ ትቆጣዋለች፤ ባቡር ላይ ልንኖር ነው ወይስ ከተማ ልናይ እያለች። በመጨረሻ ሚላን፣ ዙሪክ፣ ቪየና፣ ፕራግ ተባለ። በሚቀጥለው እሑድ ቪየናን አወጡ። ከዚያ መልሰው ጨመሩ። እንዲህ ያለ አጭር ጉዞ ይህን ያህል መታቀድ አያስፈልገውም ነበር፤ ግን ዕቅዱ ካለቀ ትከሻ ለትከሻ ለመቀመጥ ሌላ ምን ሰበብ አላቸው? ወይንሸት ያን ታውቃለች። ሌዊም ያውቃል። ፓሱ ቢኖርም ወንበር አስቀድሞ የሚያዝባቸውን ባቡሮች ለይተው፣ ከሚላን ዙሪክና ከቪየና ፕራግ ሦስት ሦስት ወንበር ያዙ፤ እሱንም ለመጨረስ ስንት እሑድ ፈጀባቸው።

አንድ እሑድ ግን ዕቅዱ አለቀባቸው። የቀረው ከዙሪክ ወደ ቪየና ማታ የሚነሳው ባቡር ብቻ ነበር። ለመኝታው ከፓሱ ሌላ ለብቻው መያዝ አለበት። ሌዊ ከስልኩ እያነበበላት ነው።

«የሴቶች ክፍል አለ፤ አንቺና ሃሌሉያ እዚያ ትሆናላችሁ፣ እኔ ደግሞ ወንዶቹ ጋ…» አለና አቆመ። «ወይም የቤተሰብ ክፍል አለ። ሦስት አልጋ ነው። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል።»

ወይንሸት ካርታው ላይ አቀረቀረች። ሌዊ አያት፤ ቀና አለችና እሷም አየችው። ስንት ጊዜ ተያይተዋል፣ እንዲህ ግን አልተያዩም። ከልጆቹ መጻሕፍት በኩል የሃሌሉያ ሳቅ ይሰማል።

«ሶ… የቱን ቡክ ላድርግ?» አላት ቀስ ብሎ።

የቤተሰቡን ልትል አፏን ከፈተች። ግን ካርታውን ማጠፍ ጀመረች።

«ቆይ፣ መጀመሪያ አባን ልጠይቅ» አለችው።

የባቡር አልጋ ለመያዝ የንስሐ አባቱን የሚጠይቅ ሰው የለም። ሌዊ ግን ገባው። ስልኩን አጠፋና እጁን እጇ ላይ ጣል አደረገ፤ ለጥቂት ብቻ፣ ከዚያ አነሳው።

አባ መልከጸዴቅ ነገሩን አቀርቅረው ሰሙ። አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። በዚህ አገር ዘመድ ሲታጣ የተገኘው ሰው ለሁሉም ነገር እንደሚያዝ፣ ይህን ጥያቄ ይዛ የመጣችው የመጀመሪያዋ እሷ እንዳልሆነች ነገሯት። መልሱ ግን ለሁሉም አንድ ነው አሉ።

«ሌላ መንገድ የለም አባቴ?»

«የመንግሥት ጋብቻማ አለ። እሱን ከኔ አትሰሚውም።» መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ያን ቀን ልጅቱን ያስያዝኩሽ እኔ ነኝ። ይህን ባውቅ ኖሮ ራሴ መኪናሽን አስለቅቄ እሸኝሽ ነበር። ጥምቀት ግን አይሻርም፣ ልጄ።»

በማግስቱ ከሰዓት ሌዊን ፈረቃውን ሲጨርስ ኮሎምቢያ ሲቲ ጣቢያ ጠበቀችው። እያካፋ ነበር። የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ መጣና መጠለያው ሥር አጠገቧ ቆመ። አባ ያሉትን ነገረችው። እሱ መልሱን አስቀድሞ ጨርሶ ነው የመጣው። ፍርድ ቤት ሄደው ይፈራረማሉ፤ ሰው ለጥቂት ጊዜ ያወራል፣ ከዚያ ይደክመዋል። ሲያትል ካስቸገረም ከተማ ሞልቷል።

«ባቡር የትም አለ፤ የትም እነዳለሁ። ማንም ወደማያውቀን ቦታ እንሄዳለን» አላት።

«እኛ እንተዋወቃለን እኮ፣ ሌዊ።»

«እግዜር እንዲህ ጨካኝ ነው ብለሽ ነው?»

«እሱን አላውቅም። ጥሩነሽን ግን አውቃታለሁ።» ወደ ሐዲዱ ዞረች። «ሆስፒታል ያለችኝን ነግሬህ አላውቅም። እጄን ይዛ፣ ‹ቤቴ ስለምትገባው ሴት ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ፤ አንቺን ግን አልፈራም፤ አንቺ አበልጁ ነሽ› አለችኝ። እኔም ተኚ፣ እኔ አለሁልሽ አልኳት። አመነችኝና ተኛች።»

ባቡር መጥቶ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ሄደ። የሚነዳው ባልደረባው እጁን አንስቶ ሰላም አለው፤ ሌዊ አላየውም።

«ትወጂኛለሽ?» ብሎ ጠየቃት በመጨረሻ።

«እወድሃለሁ። ለዚህ ነው የማልመጣው።»

አለቀሰች። እሱም አለቀሰ፤ ወንድ ልጅ ተብሎ ማን ይከለክለዋል? እንባዋን እንዲጠርግላት ፈልጋ ነበር፤ ግን አልነካትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ቤቷ ገብታ በሩን ስትዘጋ፣ በሕይወቷ ከዚህ በላይ የምትወደው ሰው እንደማይመጣ ልቧ ነገራት። ልብ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል ይባላል፤ የወይንሸት ግን አልተሳሳተም።

ጉዞው አልቀረም። ለልጅቷ ቃል ተገብቶላት የለ? የሌሊቱን ባቡር ትተው በቀኑ አደረጉት። የወይንሸት ፓስ ገና ስላልተጀመረ ተመለሰ፤ ለእሷ ተይዘው የነበሩት ወንበሮች ግን ካንስል አይደረጉም አሏት። ተዉት አለች። የሃሌሉያን ሻንጣ ራሷ አዘጋጀች፤ ፀጉሯንም እስክትመለስ እንዳይበጠስ አጥብቃ ሠራችላት። ኤርፖርትም የወሰደቻቸው እሷው ናት። ልጅቷ ለምን አትመጪም ብላ መንገዱን ሙሉ ጠየቀቻት፤ ሥራ ነው አለቻት። እንዲህ ያለ ውሸት ኃጢአት ከሆነ ተቆጥሮ ይቀመጥላት።

ሌዊ ሻንጣውን ከመኪናው አወረደ። ልጅቱን በአንድ እጁ ይዞ ቆመ።

«በይ እንግዲህ፣ ደህና ሁኚ አበልጄ» አላት።

ያን ስም ከአፉ ከሰማችው ቆይታለች። «በሰላም ግቡ አበልጄ» ብላ መለሰችለት፤ ከኋላ የቆሙት መኪኖች ጡሩምባ ሲነፉባት መኪናዋን አስነስታ ሄደች።

ከተመለሱ በኋላ ሌዊ ፈረቃውን ቀየረ። ሃሌሉያን ወይንሸት ቤት የሚያደርሳት እሱ ነው፤ ግን ከመኪናው አይወርድም። ወይንሸትም ወደ ሥራ የምትሄደው በአውቶቡስ ሆነ። ሰው አንድ ነገር ሆነዋል ብሎ አልጠየቀም፤ አበልጅ ምን ሊሆን ይችላል?

በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጅቷ ከወይንሸት እግር ሥር ተቀምጣ ፀጉሯን እያሠራች ስለ ጉዞው ስታወራ ዋለች። አማርኛዋ ሲያልቅባት በእንግሊዝኛ እየሞላች፣ በረዶ ስለለበሱት ተራሮች፣ ሐይቅ ዳር ስለበሉት አይስክሬም፣ ፕራግ ውስጥ ስለጠፋው ጓንቷ ነገረቻት።

«ዳዲ ግን ዊርድ ነበር» አለች በመሐል።

«ምን የተለየ ነገር አደረገ?»

«አንድ ወንበር ባዶ ነበር። ሰው ሊቀመጥ ሲመጣ ‹ሰው አለበት› ይላል። ሰው የለበትም እኮ! ከቪየና ስንመጣ አንዲት በጣም ያረጁ ሴትዮ መጡ። ለእሳቸውም ሰው አለበት አላቸው። ከዚያ የራሱን ወንበር ሰጣቸውና እሱ ቆመ።»

የወይንሸት ጣቶች የያዙትን ሹሩባ ለቀቁት። መልሳ ከሥሩ ጀመረችው።

«እስከ የት ቆመ?»

«እስከ ፕራግ» አለች ሃሌሉያ። «አጠገቤ ባዶ ወንበር እያለ።»

ልጅቷ ዞር ብላ ልታያት ስትል ወይንሸት ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ቀስ አድርጋ ወደ ፊት መለሰችው።