የጥር ሃያ አንዱ መጠይቅ

ዶክተር ሰውአገኝ ሞቶ የተገኘው ላሊበላ ውስጥ ካረፈበት የእንግዳ ማረፊያ በስተጀርባ፣ ገደሉ ሥር ነው። ወሩ ግንቦት፣ ዘመኑ 2001 ዓ.ም. ነበር። ፖሊሶቹ «ተንሸራቶ ነው» ብለው ሊዘጉት ሲሉ ኢንስፔክተር ባንቺዓለም ደረሰች። ጎንበስ ብላ አየችው።

«የወደቀው በግንባሩ ነው፤ የተመታው ግን ማጅራቱን» አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ መንሸራተት ያነሳ የለም።

ሟቹ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበር። ያስጠራው አንድ ጽሑፍ ነው፤ ሰው ጎረቤቱ እያየው አይዋሽም የሚል፣ ሁለት መቶ አርባ የላስታ ገበሬዎች ተጠይቀው የተሠራ። ዘጠኝ መቶ ጥናቶች ጠቅሰውታል። በእንዲህ ያለ ቁጥር ሰዎች ማዕረግ ያገኙበታል፤ ነፍስ ይጠፋበታል ብሎ ግን ማን ያስባል! ክፍሉ ውስጥ የጥናቱ የ1990 ዓ.ም. መጠይቆች ያሉበት ካርቶን ተከፍቷል። ባንቺዓለም በሩን ዘግታ የቀሩትን አንድ በአንድ ቆጠረች።

መጀመሪያ የተያዘችው የትናየት ናት። የአቅራቢያው መንደር የገነተ ማርያም ልጅ ስትሆን ያኔ መጠይቁን በእግሯ እየዞረች ያስሞላች እሷ ነበረች። በዋዜማው ቀትር ላይ ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ተሰምታለች።

«ምን አጣላችሁ?»

«የሐሰት መጠይቅ አለበት አሉኝ። እኔ መቶ ሰማንያ ሰው ጠይቄ፣ በአውራ ጣታቸው አስፈርሜ አስረክቤያለሁ፤ ሌላ አላውቅም ብዬ ጮኽኩባቸው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ እኔን ብታስሩኝ ማን ያያቸዋል?»

ዶክተር ከፋለ የጽሑፉ ተባባሪ ደራሲ ነው። በመጪው ወር ፕሮፌሰር ሊባል ቀኑ ተቆርጧል። መንገድ ላይ ጋሸና ከተማ አድሬ ዛሬ ጠዋት ገባሁ ይላል።

«መጠይቆች ጠፍተዋል» አለችው።

«የትናየት ናታ! ስልሳውንም ቤቷ ቁጭ ብላ ሞልታቸው፣ ሲነቃባት ገደለችው።»

ባንቺዓለም ቀና ሳትል ጻፈች።

የማረፊያው ባለቤት መሪጌታ ተክለ ሚካኤል፣ የዘመን ቆጠራው የባሕረ ሐሳብ አዋቂ ሽማግሌ፣ ተራቸው ደርሶ ቃላቸውን ሰጡ።

«ትናንት ጠዋት አንድ የተሞላ የመጠይቅ ወረቀት ይዞ መጣ፣ ልጄ። የፈረንጅ ጃንዋሪ ሃያ ዘጠኝ በዚያ ዓመት በእኛ ስንት ቀን ነበር አለኝ። ቆጥሬ ጥር ሃያ አንድ አልኩት። ፊቱ ዐመድ መሰለ። ወረቀቱን እንኳ እኔው ዘንድ ረስቶት ሄደ።»

ከቀትር በኋላ ባንቺዓለም ሦስቱንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች። ሟቹ የረሳውን ያንን ወረቀትና የአሻራ ቀለም ሳጥን ጠረጴዛ ላይ አኖረች።

«ጥር ሃያ አንድ አስተርእዮ ማርያም ናት። ያን ቀን ሁሉም ንግሥ ወጥቶ ገነተ ማርያም ቤቱ የሚገኝ ገበሬ የለም። ይህ ወረቀት ግን የዚያ መንደር ገበሬ ያን ቀን ቤቱ ተገኝቶ ተጠየቀ ይላል። የትናየት እዚያው አድጋ ለሐሰቷ ይህን ቀን አትመርጥም። የፈረንጅ ቀን መቁጠሪያ ዘርግቶ የሞላ ሰው ግን ከየት ያውቃል? ጽሑፉን ዘጠኝ መቶ ጥናት ሲጠቅሰው ቀኑን የጠየቀ አንድም የለም።»

«ታዲያ ማን ሞላው?» አሉ መሪጌታ።

«አሻራው ይናገራል። አውራ ጣታችሁን አኑሩ።»

የትናየት አኖረች፤ መሪጌታም አኖሩ። ከፋለ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ዶክተር፣ መጠይቅ ጠፋ ስልህ ስልሳ ነው አልከኝ። እኔ ቁጥሩን ለማንም አልተናገርኩም። ጋሸናም ደውዬ ነበር፤ አደርኩበት ያልከው ሆቴል አያውቅህም። ስልሳውም ላይ ያለው ያንተ አውራ ጣት ነው፤ ለዚህ ነው የወሰድካቸው። ይህ አንዱ አመለጠህ።»

ከፋለ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

«ስልሳ ሰው ብቻ ነበር የጎደለን» አለ። «ሰውአገኝ ጽሑፉን አሰርዛለሁ አለ። ለመንኩት፤ እግሩ ላይ ወደቅኩ። አሥራ አንድ ዓመት የቆምኩበትን እንዴት ያፈርስብኛል?»

ሲወስዱት ማንም አላዘነለትም። የትናየት የተፈታ እጇን እያሸች ወደ ኢንስፔክተሯ ቀረበች።

«ጽሑፉ ላይ የኔ ስም አለ?»

ባንቺዓለም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ገለጠች። የሰውአገኝና የከፋለ ስም ብቻ ነበር።

«የለም፣ እህቴ።»

የትናየት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ልጆቿ ሄደች። ጽሑፉን አሰርዛለሁ ያለው ሰው በማግስቱ ተቀበረ። በዚያው ወር ሁለት አዳዲስ ጥናቶች ያንኑ ጽሑፍ ጠቀሱ።