ሩብ ዙር

ብልጭታ የተገኘው በሩን ተደግፎ እንደተቀመጠ ነው።

ካፒቴኑ ከውጭ የተቀረቀረውን የብረት በር ሲከፍት አስከሬኑ ወደ ኋላ ተንጋልሎ የካፒቴኑ ጫማ ላይ ወደቀ። ፊቱ ጠቁሯል። የቀኝ እጁ ጥፍሮች ተሰባብረዋል። የበሩ ቀለም ከውስጥ በኩል ተቧጥጧል።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ክፍሉ አየር ገብቶበት ነበር። ወደብ ላይ በቆመች የምርምር መርከብ ሆድ ውስጥ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው ሁሉ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ሁሉ ብልቃጥ። በየብልቃጡ አልኮል ውስጥ ከውቅያኖስ ወለል የወጡ ፍጥረታት ተኮራምተዋል፤ ዓይን የሌለው ዓሣ፣ እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ ትል። ሟቹ የመርከቧ ኤሌክትሪሺያን ነው። ብልጭታ ያሉት ባልደረቦቹ ናቸው። ጠዋት የተቃጠለ አምፖል ሊቀይር ገብቶ ነበር። አዲሱ አምፖል አሁንም እላዩ ላይ ይበራል።

«ነገሩ ሁሉ አልኮል ነው» አለ ካፒቴኑ። «እሳት ቢነሳ በዚህ ቧንቧ ጋዝ ይለቀቃል። ጋዙ አየሩን ያስወጣና እሳቱን ያፍነዋል።»

«ሰውስ?»

«ሰውንም።»

ጋዙ ከመለቀቁ በፊት ሳይረን መጮህ ነበረበት። አልጮኸም፤ ፊውዙ ተነቅሏል። የተነቀለው ፊውዝም የለም።

ከበሩ ጎን ባለችው ጓዳ ሲሊንደሮቹ ተደርድረዋል። ከበላያቸው ጋዙን የሚለቀው ቫልቭ አለ፤ ቀይ ክብ መሽከርከሪያ። ከመሽከርከሪያው ዘንጎች የአንዱ ቀለም ተልጦ ብረቱ ይታያል። የተላጠው ዘንግ ቀጥ ብሎ ወደ ጣሪያው ያመለክታል። ኢንስፔክተሯ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። አሻራ አልተገኘበትም። በዚህ መርከብ ላይ ጓንት የሌለው ሰው የለም።

«የሚጠላው ሰው ነበር?»

«ብልጭታን? ማን ይጠላዋል!» አለ ካፒቴኑ። «ሾርባ በቀዘቀዘ ቁጥር ‹ወዲህ በሉት፣ አንድ ጊዜ ላስደንግጠው› የሚል ሰው ነበር።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን አንድ ነገር አለ።»

ባለፈው ጉዞ ከባሕር ወለል ጭቃ የሚዝቀው የብረት ሳጥን በዊንች፣ በገመድ መጎተቻው ማሽን፣ እየተጎተተ ሲወጣ የዊንቹ ፍሬን ከዳ። ሳጥኑ ተምዘግዝጎ የአንዲት ወጣት ተመራማሪ እግር ላይ አረፈ። እግሯ ተቆረጠ። ዊንቹን ይዞ የነበረው ሠራተኛ ታገደ፤ ቁመቱን አይተው ቀውላላው ይሉታል። ዛሬ ከሰዓት አጣሪ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ምስክሩ ብልጭታ ነበር።

«ምን ብሎ ሊመሰክር?»

«ለማንም አልተናገረም። ትናንት ግን ምግብ አዳራሽ ውስጥ ቀውላላው አንገቱን ይዞ ‹አፍህን እዘጋዋለሁ› ሲለው ሁላችንም ሰምተናል።»

ቀውላላው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ።

«ዛሬ ጠዋት እታች ምን ትሠራ ነበር?»

«ዕቃዬን ልወስድ። ባለቤቴ ወልዳ ተኝታለች። ለሕፃኑ በገመድ የሠራሁለት አልጋ እታች ነበር።» ብብቱ ውስጥ የያዘውን ነጭ የገመድ መረብ አሳያት። ቋጠሮዎቹ እኩል ናቸው፤ ጫፋቸው እንዳይወጋ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ኤሌክትሪሺያኑን አየኸው?»

«አላየሁትም።»

«አፍህን እዘጋዋለሁ ብለኸዋል።»

«ብያለሁ።» ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም። «‹ነገ እውነቱን እናገራለሁ› አለኝ። የቱን እውነት ስለው ይስቃል። ኢንስፔክተር፣ የሰው እግር ተቆርጦ፣ እኔ እንቅልፍ አጥቼ፣ እሱ ይስቃል! ፍሬኑን ረገጥኩት፣ አልያዘም። ይህን ለማን ልንገር? ማን ይሰማኛል?»

«የጋዙን ቫልቭስ?»

«የቱን ቫልቭ? ይህ መርከብ እኮ ቫልቭ ብቻ ነው!»

አብሯት የመጣው ኮንስታብል ሳቁን በሳል ሸፈነ። እሷ አልሳቀችም።

ሁለተኛው መሐንዲስ ሳትጠራው መጣ። ቱታው የተተኮሰ፣ ንግግሩ የተተኮሰ። ለእሷም ለኮንስታብሉም ውሃ ይዞላቸው ነበር። የዋናው መሐንዲስ የወንድም ልጅ ነው። አጎቱ በሚቀጥለው ወር ጡረታ ሲወጡ ቦታቸውን የሚረከበው እሱ ነው።

«በሰው መፍረድ አልፈልግም» አለ። «ግን ቀውላላው ደረጃውን ሲወርድ አይቼዋለሁ። ፊቱ ልክ አልነበረም።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ሞተር ክፍል። ብቻዬን።»

ዋናው መሐንዲስ የመጡት በመጨረሻ ነው። አጠር ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ መርከበኛው ሁሉ አባባ ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ምርምር መርከብ ሆድ ውስጥ ነው። ተመራማሪዎቹ ከላይ ሆነው የዓሣ ነባሪ ዘፈን ሲያዳምጡ፣ ከታች ሞተሩን ትንፍሽ እንዳይል አድርገው የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ከንጋት ጀምሮ ከካፒቴኑ ጋር ወደብ ቢሮ ነበሩ። አስከሬኑ ሲገኝም ከካፒቴኑ ኋላ ቆመው ነበር።

«ልጄ፣ ሲሊንደሮቹን አንድ ጊዜ ልያቸው» አሏት። «የቀረ ጋዝ ካለ ሰዎችሽም ይታፈናሉ።»

ፈቀደችላቸው። ኮንስታብሉ በር ላይ ቆመ። ገብተው ብዙም አልቆዩ።

«ባዶ ናቸው» አሉ ሲወጡ። ያልቆሸሸ እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጉ ነበር።

ኢንስፔክተሯ የያዘችውን ደመረችው። ጸብ አለ። ዛቻ አለ። እታች ታይቷል። ምስክሩ ሞቶለታል። ቀውላላው እጁን ሲዘረጋ ካቴናው ለአጥንታም አንጓው ሰፍቶት ነበር፤ እስኪይዘው ገፋችው።

«የገመዱን አልጋ ለባለቤቴ አድርሱልኝ» አለ። «እኔ እንደታሰርኩ ግን አትንገሯት፤ ጡቷ ይደርቃል። መርከቧ በድንገት ተነሳች በሏት።»

መተላለፊያው ላይ ስታልፍ እንደልማዷ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ሲሊንደሮቹ ጓዳ ጎራ አለች። ቫልቩን አየች። ቆመች። ስልኳን አወጣች።

በፎቶው ላይ የተላጠው ዘንግ ወደ ጣሪያው ያመለክታል። ዓይኗ ፊት ያለው ወደ ግራ።

«ማን ገባ?»

«ማንም» አለ ኮንስታብሉ። «አባባ ብቻ።»

መሽከርከሪያውን በጓንቷ ይዛ ለመክፈት ሞከረች። ከዚህ በላይ አይሄድም። ሽማግሌው አልዘጉትም ማለት ነው። ክፍት የነበረውን ቫልቭ ትንሽ ጨምረው እስከ መጨረሻው ከፍተውታል። ጋዙ ካለቀ፣ ሰውየው ከሞተ በኋላ። ለምን?

«ይህን ሰው ለካፒቴኑ ስጥና ተከተለኝ» ብላ ወደ ሞተር ክፍል ወረደች።

አባባ ጄኔሬተር ሊያስነሱ ይዘጋጁ ነበር። የማቀዝቀዣውን ውሃ ቫልቭ ያዙ። ከፈቱ፣ ከፈቱ፣ ጫፍ ላይ ደረሱ። ከዚያ እጃቸው ለራሱ የሚያስብ ይመስል ሩብ ዙር ወደ ኋላ መለሰው።

«ለምን መለሱት?» አለች፤ ዝም ብሎ ለማወቅ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነው ያወጣችው።

ሽማግሌው ፊታቸው በራ። «ይህማ የሥራው ሀ ሁ ነው! እስከ መጨረሻው የከፈትሽው ቫልቭ እንደዚያው ከቆየ ይነክሳል፤ በችግር ጊዜ እንቢ ይልሻል። ደግሞ ከአንቺ በኋላ የሚመጣው ሰው በጨለማ ቢይዘው ክፍት ይሁን ዝግ በምን ያውቃል? ሁለቱም እኩል ደርቀው ይጠብቁታል። ትንሽ ከመለስሽለት ግን ወዲህም ወዲያም ይላል። ያኔ ክፍት መሆኑን…»

ዓረፍተ ነገሩ እመሃል ላይ ቀረ። የት እንዳደረሰቻቸው ገባቸው።

«መሐንዲስ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል?»

«ማድረግ ነበረበት።»

«በዚህ መርከብ ላይ የሚያደርገው ማን ነው?»

አባባ ጨርቃቸውን አጥፈው፣ ዘርግተው፣ እንደገና አጠፉት። የደረጃው ብረት ተንኳኳ። ሁለተኛው መሐንዲስ እየወረደ ነበር።

«ጋሼ፣ ጄኔሬተሩ አልተነሳም እንዴ?»

«አጎትህ ደክሟቸዋል» አለች ኢንስፔክተሯ። «አንተ ቀጥልበት። እየሠራህ አንድ ሁለት ነገር ልጠይቅህ።»

ሁለተኛውን ቫልቭ ይዞ መክፈት ጀመረ።

«የዊንቹን ፍሬን የሚያጠብቀው ማን ነው?»

«ተራው የደረሰው መሐንዲስ።»

«ከአደጋው በፊት ተራው የማን ነበር?»

እጁ ይዞራል። «አላስታውስም።»

«ብልጭታ ያስታውስ ነበር?»

«ብልጭታ ቀልደኛ ነበር!» ድምፁ ከተተኮሰው መስመር ወጣ። «አምፖል ይቀይር እንጂ ስለ ፍሬን ምን ያውቃል? ሴትዮ፣ ገዳዩን ይዘሻል፤ እኔን ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?»

ቫልቩ ጫፍ ደረሰ። እጁ ሩብ ዙር መለሰው።

አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ኢንስፔክተሯ ስልኳን አንስታ ፎቶውን አሳየችው። «የጋዙ ቫልቭም ልክ እንደዚህ ነበር። የከፈተው ሰው ሰው እየገደለም ሩብ ዙር መልሶለታል። ቀውላላው ቫልቭን ከቫልቭ አይለይም። አጎትህ ከካፒቴኑ ጋር ነበሩ። ኪስህን አራግፍ።»

አልተንቀሳቀሰም። ከኋላዋ ተከትሏት የወረደው ኮንስታብል ዘለቀና እጁን የቱታው ኪስ ውስጥ ከተተ። መፍቻ። ጨርቅ። ከጨርቁ እጥፋት ውስጥ ትንሽ ነጭ ፊውዝ።

ሁለተኛው መሐንዲስ ፊውዙን እንደማያውቀው ነገር አየው። ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም።

«ፊውዝ የነቀለ ኪሱ ይያዘው፣ ሌላ ሰው መልሶ እንዳይሰካው። ይህም የእርስዎ ነው፣ ጋሼ። እጄ ከተተው፣ እኔም ረሳሁት።» ወደ አጎቱ ዞረ። «ነገሯት?»

«አልነገርኳትም። እጅህ ነው የነገራት።»

ቀሪው ራሱ ወጣ። ፍሬኑን የማጥበቅ ተራው የእሱ ነበር። ባሕሩ ይናወጥ ነበር፣ ደክሞት ነበር፣ ነገ ይደርሳል ብሎ ተወው። ብልጭታ አይቶታል። ትናንት ማታ መጥቶ «ነገ ኮሚቴው ፊት ወይ አንተ ተናገር፣ ወይ እኔ እናገራለሁ» አለው። ሲለው እንደልማዱ ይስቅ ነበር።

«አንድ ወር ነው የቀረኝ!» አለ። «አንድ ወር! አባቴ ከሞተ ጀምሮ ሰው ሁሉ ‹የአባባ ልጅ፣ የአባባ ተተኪ› ሲለኝ፣ ፍሬን ማጥበቅ ትቶ የሴት ልጅ እግር አስቆረጠ ልባል? እርስዎ ምን ይሉኝ ነበር?»

«ተናገር እልህ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ከዚያ አብሬህ እሄድ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ወደ እሳቸው ዞረች። «አባባ፣ ማስረጃ ነክተዋል። ያንን ሰው ልወስደው ነበር። ዝም ብለው ሊያዩኝ ነበር?»

«ሳትጠይቂው እነግርሻለሁ አልኩ። ቀጥሎ ሳታስሪው አልኩ። አሁን ደግሞ የፖሊስ መኪናው ሳይነሳ እያልኩ ነበር።» ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «እሱ ሲነሳ ደግሞ ሌላ እል ነበር። ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አንድም ቫልቭ እስከ መጨረሻው ከፍቼ ትቼ አላውቅም። የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።»

«ለእርስዎም መጥሪያ ይመጣልዎታል።»

«ይምጣ።»

ከላይ ቀውላላው ተፈታ። አንጓውን እያሻሸ ብዙ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ከደረጃው ሥር የቆሙትን ሽማግሌ ሲያይ ግን መልሶ ገጠመው። የገመድ አልጋውን አቅፎ ወደ ወደቡ የሚያወርደውን መሰላል ጎንበስ ብሎ ወረደ።

ከእሱ እጅ የወለቀው ካቴና ለሁለተኛው መሐንዲስ ሆነ። ኢንስፔክተሯ ተቆጥታ ነበር። ገፋችው፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ የካቴናው ጥርስ እስኪያልቅ። ወጣቱ ከንፈሩን ነከሰ እንጂ ድምፅ አላሰማም።

አባባ ከኋላ መጡ። የወንድማቸውን ልጅ ፊት አላዩም። ያዩት እጁን ነው።

«ልጄ» አሏት። «ትንሽ መልሺለት።»

ቁልፉን ከኪሷ አወጣች። አንድ ጥርስ መለሰችለት።