የአዳማ ልጅና የዝዋይ ንፋስ

ሞተሩ ተንተፋተፈና ጠፋ። ኑዕማን መዳፉ እስኪላጥ የማስነሻውን ገመድ ደጋግሞ ሳበ፤ ሞተሩ ወይ ፍንክች። ደሴቱ ከኋላቸው ርቋል፣ የባቱ ዳርቻ ገና ቀጭን መስመር ነው። ማለዳ ጸጥ ብሎ ተኝቶ የነበረው የዝዋይ ሐይቅ አሁን ቡናማ ማዕበል እያነሳ ጀልባቸውን ያላጋታል።

ጥፋቱ የሉብና ነበር። አዳማ ካለው የአካባቢ ጥበቃ ኮሌጇ ለአንድ ሴሚስተር በልውውጥ ልትማር ሐይቁ ዳር ወዳለው ኮሌጅ ስትመጣ፣ ከቀትር በኋላ ንፋስ ይነሳልና እኩለ ቀን ሳይደርስ ከውሃው ውጪ ያላላት ሰው የለም። የክፍል ጓደኛዋ ኑዕማንም የባቱ ልጅ ነውና፣ የወፍ ቆጠራው ይብቃንና እንመለስ ብሎ ለምኗታል። እሷ ግን ሳቀችበት። አዳማ ከንፋስ ጋር ተጋብታ የምትኖር ከተማ ናት፤ የአዳማን ልጅ በንፋስ ማን ያስፈራራታል? የአንድ ሸምበቆ ዳር ወፎችን ብቻ ቆጥራ ትመለሳለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው ለእንደዚህ ዓይነቷ ነው። አዳማ ላይ ንፋስ ቢከፋ አቧራ ያለብሳል እንጂ ሰው አይውጥም።

ማዕበሉ ከዳርቻው ርቆ ወደበቀለ ሸምበቆ ገፋቸው። ሉብና በመቅዘፊያው ስትታገል፣ ከጀልባዋ ሥር አንድ ትልቅ ነገር ተነሳ። የጉማሬ ጀርባ ነበር። ጀልባዋ ብድግ ብላ በጎኗ ወደቀች፤ ኑዕማን ሞተሩ ላይ ተወርውሮ ክንዱ ቋ ብሎ ሲሰበር ሉብና በጆሮዋ ሰማችው። ጉማሬው ተመልሶ አልመጣም፤ ወለሉ ግን ተሰንጥቋል።

ሉብና በጀሪካን ቁራጭ ውሃውን እየቀዳች ትደፋ ጀመር። አንድ ስትደፋ ሁለት ይገባል። ሶደሬ ገንዳ ውስጥ የተማረችው ዋና እሷን እንኳ አያሻግራትም፣ ክንዱ የተሰበረ ሰውማ እንዴት አድርጋ ትጎትታለች። «ያ ረቢ» ብላ ፈጣሪዋን ጠራች።

ያን ጊዜ ነው የአንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ያየችው። ሽማግሌው መረቡን በግማሽ ስቦታል፤ ቀሪው ግማሽ ውሃው ውስጥ ሆኖ እንደ መልሕቅ ይዞታል። ጮኸችበት። ቀና አለና አወቃት፤ እሷም አወቀችው። መርዳሳ ነበር። ባለፈው ወር የኮሌጁ ተማሪዎች የዓሣ ጫጩት የሚለቅም መረቡን ከሐይቁ አውጥተው ሲያቃጥሉ ክብሪቱን የጫረችው እሷ ናት። መርዳሳ ቆሞ እያየ ነበር። ያኔ ኮርታ ነበር፤ አሁን ግን አፈረችም፣ ፈራችም።

«አባባ፣ እኔን ይተዉኝ። እሱን ብቻ ያውጡት።»

መርዳሳ መረቡን አየ፣ እነሱን አየ። ስቦ እስኪጨርስ ይሰጥማሉ፤ ሳይጨርስ ደግሞ ንቅንቅ ማለት አይችልም።

«የልጆቼ እንጀራ ነው» አለ፤ ለማን እንዳለው አልታወቀም። ከዚያ ቢላዋውን መዘዘና መረቡን ቆረጠው።

እየቀዘፈ ደረሰ። ኑዕማንን በሸሚዙ ኮሌታ ይዞ ጎተተው፤ ሉብና ተስባ ወጣችና ቀድሞ በተሳበው መረብ ላይ ወደቀች። ከጣት የማይበልጡ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶች ከሥሯ ይንፈራገጡ ነበር። መርዳሳ እስከ ዳርቻ ድረስ ቀዘፈ።

ሰዎች ኑዕማንን በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። መርዳሳ እርጥቡን መረብ ጠቅልሎ ሉብና እጅ ላይ አኖረው።

«ግማሽ መረብ ለእኔ ምን ያደርጋል። ይሄንንም አቃጥይው።»

በቁጣ አልነበረም ያለው፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ሌላው ግማሽ የት እንደሚገኝ፣ ነገ ሄደው ያወጡት እንደሆን ጠየቀችው። ራሱን ነቀነቀ። ንፋሱ ወዴት እንደሚወስደው እሱም አያውቅም።

የሚያወጣው የሌለ መረብ ማጥመዱን እንደማያቆም ሉብና ለፈተና አጥንታዋለች፤ ዓሣ ገብቶ ይሞታል፣ የሞተው ሌላ ዓሣ ይጠራል፣ ያም ይሞታል። አሸዋው ላይ ተቀመጠች። እሷ ተርፋለች፤ ያ ግማሽ መረብ ግን እዚያ ታች፣ በእሷ ምክንያት፣ ሌት ተቀን ይገድላል። የምታደርገው ነገር አልነበራትም።