ሠላሳ ጆንያ ጥቁር አፈር

«አሥራ ሁለት!» አለች ይታይሽ በሹክሹክታ፤ ደብተሯ ላይ አንድ ጭረት ጨመረች።

ግንደ ቆርቁሯ ትል በአፏ ይዛ በደረቀው ብሳና ላይ ተለጠፈችና ወደ ቀዳዳው ገባች። ከውስጥ የጫጩቶቹ ጫጫታ ተሰማ። በግማሽ ሰዓት አሥራ ሁለት ጊዜ። ትናንት ዘጠኝ ነበር።

«እኔ ምልሽ፣ ደመወዝ ትከፍልሻለች?» አለ ታላቅ ወንድሟ ደረሰ፣ ባዶ ጆንያዎች እየጎተተ።

«ዝም በል፣ ታስደነግጣታለህ!»

«እሷማ ለምዳኛለች። የምትደነግጪው አንቺ ነሽ።»

ቦታው የእነሱ ነው። አባታቸው አቶ ሽባባው ከአምስት ዓመት በፊት ዲከረንስ የሚባል የከሰል ዛፍ ተክለውበት ነበር፤ እንደ አካባቢው ልማድ ዘንድሮ ተቆረጠ፤ እዚያው ይከሰልና መሬቱ ጤፍ ይዘራበታል። ብሳናው ብቻ ቀረ። መጥረቢያ ሳይደርስበት ይታይሽ አባቷን ለምና ግንዱን በቀይ ቀለም ከብባዋለች፤ «አይቆረጥም» ማለት ነው። ሰኞ የወንፈል ተራቸው ስለሆነ ጎረቤቶች መጥተው የደረቀውን እንጨት ይከምራሉ፣ አፈር ያለብሱታል፣ ይለኩሱታል።

ይታይሽ ደብተሯን ዘግታ ዞር ስትል አባቷ የድሮውን የከሰል ቦታ በዶማ ሲያስተካክሉ አየች። ረቡዕ ዕለት ሣሩን የነቀለችው ራሷ ናት። ያኔ ቀና ብላ ወደ ብሳናው አላየችም። አሁን ለካችው፤ ከብሳናው አሥራ ስድስት እርምጃ።

«አባባ፣ ጭሱ ስንት ቀን ይቆያል?»

«አምስት፣ ስድስት ቀን። ምነው?»

ከመሬቱ አመድ ዘግና ለቀቀችው። አመዱ ቀጥታ ወደ ብሳናው ሄደ። አምስት ጊዜ ሞከረች፤ አምስቱንም ጊዜ ወደዚያው።

አቶ ሽባባው ሳቁ። «እኔ የነፋሱን ነገር የማየው ቤታችንን እንዳያጥነው ብቻ ነበር።»

«ከብሳናው ወዲያ ማዶ ቢያደርጉትስ? ጭሱ ወደ ጅረቱ ይሄዳል።»

«እዚያ ያለው አፈር አዲስ ነው፣ ልጄ። አዲስ አፈር ይሰነጠቃል፤ አየር ከገባ ከሰሉ አመድ ይሆናል። ይሄ ጥቁሩ ግን ተቃጥሎ የላመ ነው፣ ጥሩ አድርጎ ይሸፍናል።»

«ጥቁሩን ብንወስደውስ?»

«ሠላሳ ጆንያ ይሆናል። ነገ እኔ ዳንግላ እሄዳለሁ፣ እሑድ አይሠራም። ሰኞ ካለፈን ደግሞ ተራው የሚደርሰን ጤፍ ከተዘራ በኋላ ነው።» ዶማቸውን አነሱ። «እስቲ አስቢበት። ማታ ትነግሪኛለሽ።»

ነገ ቅዳሜ ነው። ነገ የክፍሏ ልጆች ወደ ዘንገና ሐይቅ ይሄዳሉ፤ ለዚህ ቀን አንድ ወር ሙሉ ሲያወሩ ከርመዋል። ስልኳ የጮኸው ይህን እያሰበች ነው፤ ጓደኛዋ ሜላት ናት።

«ይቱዬ! ባጃጁ ሦስት ሰዓት ላይ ከቆሰበር ይነሳል። ቢጫውን ሹራብ ልበሺ፣ ለፎቶ ይመቻል!»

ይታይሽ ቀዩን ቀለም አየችው። አልደበዘዘም። ዛፉ አይቆረጥም፤ ወፏን አልጠበቀችም የሚላት ሰው አይኖርም። ጭሱ ጫጩቶቹን እንደሚያፍናቸው የሚያውቁት እሷና አባቷ ብቻ ናቸው።

ግንደ ቆርቁሯ ተመልሳ መጣች። አሥራ ሦስት።

«ሜሉ፣ እኔ አልመጣም።»

«ምን? ታመምሽ እንዴ?»

«አይ፣ አፈር ልሸከም ነው።»

«ለምን?»

«ለወፍ።»

የሜላት ሳቅ ከስልኩ ፈነዳ። «አንቺ ልጅ አብደሻል! ፎቶ እልክልሻለሁ፣ እርር በይ!»

«ላኪ። እኔም የጫጩቶቹን እልክልሻለሁ።»

ደረሰ ጆሮውን ጥሎ ሲሰማ ነበር። ጆንያዎቹን ፊቷ ወረወረላት። «አሥሩን እኔ፣ ሃያውን አንቺ። ደመወዝ የምትከፍለው ላንቺ ነዋ።»

«አሥራ አምስት አሥራ አምስት!»

«አሥራ ሁለት። ከዚያ በላይ ወፏ ራሷ ትሸከም።»

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ይታይሽ አዲስ ገጽ ገለጠች፣ አናቱ ላይ «ጆንያ» ብላ ጻፈችና አካፋውን አነሳች።