የአልኮሉ ሳህን

«ይቺን ሳህን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቻትና እንገላገል» አለ ፕሮፍ። ስሙን ያወጡለት የክፍል ጓደኞቹ ናቸው፤ ሳይጠየቅ ስለሚመልስ።

ትንኝ ሳህኗን አተኩራ አየች። እሷም ትንኝ የተባለችው ጥያቄዋ ከሰው ጆሮ ስር ስለማይጠፋ ነው። የሳይንስ ውድድሩ ዳኞች እሷ ጋ ለመድረስ ሦስት ጠረጴዛ ቀርቷቸዋል። ያሸነፈ የእረፍቱን ወር በምርምር ማዕከል ያሳልፋል፤ እሷ ደግሞ ይህን ነገር ስትመኝ ዓመት ሆኗታል።

ከፊቷ ባክቴሪያ የበቀለባቸው ሁለት የላስቲክ ሳህኖች አሉ። በአንደኛው ላይ በአልኮል የቀጠነ የጥድ ዘይት የነካ ወረቀት ተቀምጧል፤ ዙሪያውን ባክቴሪያው ጠፍቶ ጥርት ያለ ክብ ሠርቷል። በሁለተኛው ያለውን ወረቀት የነካው አልኮል ብቻ ነው። እዚያ ምንም መታየት አልነበረበትም። ግን እዚያም አነስ ያለች ክብ አለች። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ወረቀቶቹን ሳይደርቁ ያስቀመጠቻቸው ራሷ ናት።

«ታዲያ የገደለው ዘይቱ ነው አልኮሉ?» አለች።

«አታካብጂ! የጥድ ዘይት ባክቴሪያ እንደሚገድል የታወቀ ነው። ምን ዋሸሽ?»

«እኔ ግን አላሳየሁትም።»

ዘይቱን ያወጣችው ሳሙና ሠሪዋ አክስቷ ናት። ትንኝ የዚህችን ሴት ሥራ አይታ አትጠግብም። ሁለት ጆንያ ቅጠል በእንፋሎት ታበስልና አንዲት ብልቃጥ ዘይት ታገኛለች። ቀድሞ የሚመጣው ሰርሳሪ ሽታ ፓይኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ኋላ ሎሚ ሎሚ የሚለው ሊሞኒን ይከተላል። አክስቷ ዓይኗን ጨፍና በአፍንጫዋ ትለያቸዋለች። አንድ ቀን ታዲያ እሳቱ በዝቶ ቅጠሉ ሁሉ አረረ። ትንኝ አዝናላት፣ «ይሄን እንኳን መዝገብ ላይ አትጻፊው» አለቻት።

«ልጄ፣ ያበላሸሁትን ካልጻፍኩ ነገም ያንኑ አበላሻለሁ» አለች አክስቷ፤ በቀይ እስክሪብቶም «እሳት አበዛሁ፤ ጥፋቱ የእኔ» ብላ ጻፈች።

ዳኞቹ ጎረቤት ጠረጴዛ ደረሱ። ፕሮፍ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተላት። ትንኝ እጇን ሰደደችና ቀይ እስክሪብቶ አወጣች። ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈች፦ «እስኪደርቅ አልጠበቅኩም፤ ጥፋቱ የእኔ።»

ፕሮፍ አነበበው። የቦርሳዋንም ዚፕ መልሶ ዘጋው።

እሷም የአልኮሉን ሳህን ብድግ አድርጋ ከዘይቱ ሳህን ፊት አስቀመጠችው።